ቢጫው ኪኒን

የሰው ዕንባ የሚጠራቀምበት በርሜል ቢኖር ኖሮ፣ መካኒሳ ውስጥ ያለች አንዲት የቀበሌ ቤት ብቻዋን የሰፈሩን የውኃ ፈረቃ ታስቀር ነበር! ማጋነን ነው የሚል ካለ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ይስማና ከዚያ ይፍረድ።

ቤቷ የተሾመች ናት። ከአስፋልቱ በኮብልስቶን ቁልቁል ወርደው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ደግሞ እንደገና ሽቅብ የሚወጡባት ሁለት ክፍል ቤት። ተሾመች ባሏን ገና በወጣትነቷ ቀብራ ሁለት ልጆቿን ያሳደገችው በባልትና ሥራ ነው። በርበሬዋ ታዲያ እንዲህ በዋዛ የሚወራ አልነበረም! እሷ መካኒሳ ላይ ወንፊቷን ስታነሳ ጎፋ ያለ ሰው ያስነጥሳል ይባላል፤ አንድ ቀን እንዲያውም አደባባይ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ ማስነጠስ ይዞት ፊሽካውን መንፋት ስላቃተው መኪናው ሁሉ እንዳሻው አለፈ ብለው የሚምሉ አሉ። በዚያ በርበሬ ወንድ ልጇ ገሠሠ ተምሮ ለቡ መብራት ኃይል አካባቢ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ውስጥ ተቀጠረ፤ ሴቷ ልጇ ራኬብ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ሆነች። ገሠሠ የሸሚዙ ተኩስ ጣት የሚቆርጥ፣ አንደበቱ ማር፣ "እማዬ" ሲል አንጀት የሚበላ ልጅ ነበር። ራኬብ ደግሞ ሠላሳ የሚያለቅስ ሕፃን በአንድ መዝሙር ጸጥ ታሰኛለች። ታዲያ ከዚህ በላይ አንዲት እናት ከፈጣሪዋ ምን ትለምን? ምንም! ግን ዕድል የሚሉት ነገር የሞላ ቤት ሲያይ ዓይኑ ደም ይለብሳል...

መጀመሪያ ራኬብ እንቅልፍ አጣች። ቀጥሎ ምግብ ትታ ጥግ ይዛ መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ የጎረቤቱ የዲሽ ሳህን ሐሳቧን እየሰማ ለአገር ሁሉ እንደሚያወራባት ነገረቻቸው፤ ሳህኑ ፊቷን እንዳያነብባት ብላ ከግቢው እስከ ቤት በኋሊት እየተራመደች ትገባ ነበር። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አዘነ፣ በመጨረሻ ራቀ። አንዱ "መተት ነው" አለ፣ ሌላው "ዓይን በልቷት ነው" አለ፤ የማይል አልነበረም። ተሾመች ልጇን ይዛ ጠበል ከረመች። የሚያጠምቁት አባት ግን አስተዋይ ነበሩ፤ "ልጄ፣ ጠበሉንም አትተዪ፣ ሐኪሙንም አትናቂ። ሐኪምም የእግዜር ነው" ብለው መርቀው ሰደዷት። ግን የት ያለ ሐኪም? ተሾመች የአእምሮ ሕመም ሲባል የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከከተማው ወዲያ ማዶ ያለ ትልቅ ሆስፒታል፣ በሩን ረግጦ የወጣ ሰው ስሙ እስከ ሰባት ቤት የሚነሳበት!

መልሱ በገዛ እግሩ ቤቷ ድረስ መጣ። የሰፈሩ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሲስተር አስቴር ዣንጥላዋንና መዝገቧን ይዛ ቤት ለቤት ስትዞር ራኬብን ጥግ ላይ አየቻት።

"እትዬ ተሾመች፣ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ? እኛው ጤና ጣቢያ አለ እኮ!"

"እሱ ለጉንፋንና ለክትባት አይደል እንዴ?"

"ኧረ ክፍል አስራ አንድን ይጠይቁ! የአእምሮ ሕክምና የተማረች ነርስ አለች። መታወቂያዎንና የጤና መድን ደብተሩን ይዘው ካርድ ክፍል ይሂዱ። ካርድ ይወጣላታል፣ ትታያለች፣ መድኃኒቷን እዚያው ትወስዳለች። ከእነሱ አቅም በላይ ከሆነ ሪፈር ይጽፉላታል። ከዚያ በየወሩ ማክሰኞ ቀጠሮ ነው። ብቻ አብሯት የሚመላለስ የቤተሰብ ሰው ያስፈልጋል። መድኃኒቱም መቋረጥ የለበትም፤ ተሻለኝ ብላ እንኳ!"

ሄዱ። ነርሷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። "ሳህኑ ምን ምን ይልሻል?" ብላ ጠይቃ ቁጭ ብላ ሰማቻት። ራኬብ ከዚያ የተሰጣትን ነጭ ኪኒን ማታ ማታ ስትውጥ ከርማ በስድስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ተነስታ ፀጉሯን ታጠበች፤ ከዚያ ከድስቱ ቀመሰችና "እማዬ፣ ሽሮው ጨው አንሶታል" አለች። ተሾመች ይህን ስትሰማ እልልታዋን ብታቀልጠው ጊዜ፣ ጎረቤት ሁሉ ሰው ወለደ ብሎ ገንፎ ሊያገነፋ ተነሳ! ምስኪን እናት! ደስታ እንዲህ የአንድ ሰሞን እንግዳ መሆኑን ማን ይንገራት?

ጉልበቷ ከዱሮም ያማታል። ቁልቁለቱን ወርዳ ዳገቱን ስትወጣ ታቃስታለች። ኅዳር ላይ ገሠሠ እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ ጉልበቷን እያሻሸ፣ "እማዬ፣ እኔ እያለሁ አንቺ ለምን ትንገላቺ? ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ እኔ እወስዳታለሁ" አላት። ግንባሩን ሳመችው። "ወንድም እንዲህ ነው!" አለች። ካርዱን፣ የመድን ደብተሩንና ልጇን፣ ሦስቱንም በእጁ አስረከበችው። አወይ! ምነው ያን ቀን ጉልበቷ ድኖላት በነበር!

ከዚያ ወዲህ ገሠሠ በየወሩ እህቱን አልብሶ፣ እጇን ይዞ ይወጣል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መድኃኒቷን በትንሿ ላስቲክ ይዞ ይመለሳል። "ነርሷ ሰላም ብላሻለች" ይላል ሁልጊዜ። ታኅሣሥ ላይ ኪኒኑ ቢጫ ሆነ። ተሾመች ብትጠይቀው "ነጩ ጠፍቷል፤ ይሄ የሌላ ፋብሪካ ነው፣ ሥራው ያው ነው" አላት። ማንበብ የማትችል እናት የተማረ ልጇን ካላመነች ማንን ትመን? ማታ ማታ ከእራት በኋላ አማትባ፣ ውኃ ቀድታ፣ ኪኒኑን በገዛ እጇ ለልጇ አፍ ታቀርባለች። ራኬብ ግን በጥር ሳህኑን መፍራት ጀመረች። በመጋቢት ድና ከተመለሰችበት ሥራ አሰናበቷት። በግንቦት ደግሞ፣ እግዚኦ!፣ የወለደቻትን እናት እንደ እንግዳ "እርስዎ" ማለት ጀመረች። "እርስዎ፣ የዚህ ቤት ሰዎች የት ሄዱ?" ስትላት ተሾመች ጓዳ ገብታ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅሳለች። ገሠሠ ደግሞ "ነርሷ በሽታው ጠንካራ ነው፣ ታገሡ ብላለች" ይላታል።

እሱ በዚያ ሰሞን ሌላ ነገር ላይ ነበር። ለቡ ያለች ትሕትና የምትባል ልጅ ወዶ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ ቀለበት አስሮላታል። ተሾመች የወደፊት ምራቷን ያየቻት ሁለት ጊዜ፣ ሁለቱንም ካፌ ውስጥ ነው። "ቤት አምጣት እንጂ" ስትለው "ቀለም ላስቀባና" ይላታል። ቀለሙ ግን አንድም ቀን አልተገዛም።

ሐምሌ ገባ። አንድ ሰኞ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ወልዳ አርሳ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ሳምንት ያልሞላት ሲስተር አስቴር በሩን አንኳኳች።

"እትዬ ተሾመች፣ እንዴት ከረሙ? ራኬብን ወዴት አዞሯት? ሌላ ቦታ ነው እንዴ አሁን የምትታከመው?"

"የምን ሌላ ቦታ? እዚያው እናንተው ዘንድ ነዋ! ወንድሟ በየወሩ ያመላልሳታል።"

ሲስተር አስቴር መዝገቧን ገለጠች። "ዛሬ ጠዋት ከቀጠሮ የጠፉ ታካሚዎች ስም ተሰጥቶኝ ነው የመጣሁት። ራኬብ ከኅዳር ወዲህ ክፍል አስራ አንድን አልረገጠችም። ስልክ ሲደወል ደግሞ አንድ ወንድ 'ሌላ ቦታ ወስደናታል' እያለ ይመልሳል።"

"ተሳስታችኋል! ይኸው መድኃኒቷ!" ተሾመች ከማርያም ሥዕል ሥር ላስቲኩን አወጣች። ሲስተር አስቴር ጽሑፉን አነበበች፤ ሁለት ፍሬ መዳፏ ላይ አፈሰሰች።

"እትዬ... ላስቲኩ ላይ ያለው ቀን የኅዳር ነው። ይሄ ደግሞ..."

"ይሄ ደግሞ ምን?"

"ቫይታሚን ነው። እኔም ሳጠባ የምውጠው ነው። የእሷ መድኃኒት አይደለም።"

ሰባት ወር! ሁለት መቶ ማታ! ተሾመች መዳፏን ገልብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ መሰላት። በዚህ እጅ ነው? እያማተበች፣ ውኃ እየቀዳች፣ ልጇን ወደ ገደሉ ስትገፋ የከረመችው በዚህ በገዛ እጇ ነው? ይህን ጊዜ ራኬብ ከጥጓ ቀና አለች።

"ጋሼ ገሠሠን እንዳትቆጡት" አለች በለሆሳስ። "ጎፋ ጭማቂ ቤት ነው የምንሄደው። አቮካዶ ይገዛልኛል። ጤና ጣቢያ ከገባሽ ያስሩሻል ብሎኛል። ለእማዬ እንዳልናገር በማርያም አስምሎኛል... ለእርስዎ የነገርኩዎት እንግዳ ስለሆኑ ነው። እማዬን ካገኟት እንዳይነግሩብኝ፣ አደራ!"

"አልነግራትም ልጄ" አለች ተሾመች። ሌላ ምን ትበል? አእምሮዋ የተበተነባት ልጅ መሐላዋን ሳትበትን ሰባት ወር ይዛለታለች፤ አእምሮው የተሰበሰበለት ወንድሟ ግን የእናቱን አደራ በአንድ ወር በላው! ከሁለቱ የታመመው የትኛው ነበር?

በማግስቱ ማክሰኞ ተሾመች ጉልበቷን በሻሽ ጠፍራ፣ ልጇን ይዛ ወጣች። ገሠሠ ሥራ ሄዷል፤ የሰማችውን አልነገረችውም። ቁልቁለቱን በቁጢጥ፣ ዳገቱን በእንብርክክ ሊባል በሚችል አኳኋን ወጥታ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ራኬብ እግሯን ተክላ ቆመች። "አልገባም! ያስሩኛል!" ስትጎትታት ጮኸች፤ ስትለምናት ተንቀጠቀጠች። ሰው ተሰበሰበ። ያኔ ተሾመች ዝም ብላ ወደ ዘበኛው ሄደችና ሁለት እጆቿን አጣምራ ዘረጋችለት።

"እንካ፣ ልጄ፣ እሰረኝ።"

"ኧረ እማማ! ምን አድርገው ነው የማስርዎት?"

"እዚህ የሚገባ ይታሰራል ተብሏል። እንግዲያው መጀመሪያ እኔን።"

ዘበኛው ግራ ገብቶት ባርኔጣውን አወለቀ። "እኛ ጋ እንኳን ለሰው ማሰሪያ የበሩም ገመድ ጠፍቶ በሽቦ ነው የምዘጋው" አላት። ራኬብ የእናቷን የተዘረጉ እጆች ለረጅም ጊዜ አየች። ማንም አላሰራቸውም። ከዚያ ቀስ ብላ መጥታ አንደኛውን እጅ ያዘችና አብራት ገባች።

ካርዷ ሰባት ወር የከረመ አቧራውን አራግፎ ተገኘ። ክፍል አስራ አንድ በር ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ጎናቸው ያለችው ልጅ ተሾመችን ስታይ ተስፈንጥራ ተነሳች። ትሕትና ነበረች!

"እማማ ተሾመች? እርስዎ... እዚህ?" የተሾመችን ክንድ ያዘች። "እባክዎን... አባቴ ናቸው፣ አቶ መኩሪያ። ስድስት ዓመታቸው ነው እዚህ ሲታከሙ። መድኃኒታቸውን ስለማያቋርጡ ደህና ናቸው፣ ይሠራሉ፣ ይጫወታሉ። ለገሠሠ ግን እንዳይነግሩብኝ፣ በሞቴ! ይህን ካወቀ ይተወኛል።"

አቶ መኩሪያ ፈገግ አሉ። "ይህቺ ልጅ እኮ እኔን ሰው እንዳያየኝ ዣንጥላ ፀሐይ ላይ ትዘረጋብኛለች። እስቲ ምከሩልኝ!"

ተሾመች ልትስቅ ነበር፤ የወጣት ግን ሲቃ ነው። ልጇን ወደ ፊት ሳበቻት። "ይህቺ ደግሞ የእኔዋ ናት። ራኬብ። የገሠሠ እህት።"

ትሕትና ራኬብን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት።

"ራኬብ?... ቤይሩት ያለችው?"

ወየው! ገሠሠ ለካ እህቱን በቃሉ ብቻ ባሕር አሻግሯታል! ተሾመች አግዳሚው ላይ ተዘረፈጠች። ያወቀችውን ሁሉ፣ ቢጫውን ኪኒንም ጭማቂ ቤቱንም፣ ዕንባዋን ሳታብስ ነገረቻት። ነርሷ ራኬብን አይታ ነጩን መድኃኒት ሰጠቻት፤ ነገር ግን "በጣም ቆይቷል፤ በዚህ ብቻ አይሆንም" ብላ በማግስቱ ለሆስፒታል የሚሆን ሪፈር ጻፈችላት። ትሕትና አባቷን ታክሲ አሳፍራ ከሸኘች በኋላ፣ "እማማ፣ ቤት አብሬዎት ልምጣ" አለች። ያልተቀባውን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ ገሠሠ ካፖርቱን እያራገፈ ገባ። "እማዬ፣ ዛሬ ቀጠሮዋ አይደል? በዝናብ ከማንገላታት ብዬ በምሳ ሰዓት ብቻዬን ሄጄ መድኃኒቷን ተቀበልኩላት። ነርሷ ሰላም ብላሻለች።"

"እግዜር ይስጥህ። ሰልፉ በዛ?"

"ኧረ ተይኝ፣ እንደ ጉድ ነው! አንድ ሰዓት ቆሜ!"

"የምታውቀው ሰው አላየህም?"

"ማንን አያለሁ?"

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። ትሕትና ቆማለች። ገሠሠ የያዘው ላስቲክ ከእጁ ወደቀ፤ ቢጫ ኪኒን ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ። "ላንቺ ብዬ ነው!" አለ እየተንበረከከ። "ታኅሣሥ ላይ ራኬብን ይዤ ስሄድ ጤና ጣቢያው በር ላይ አየሁሽ። እንዳታዪኝ ፈርቼ ሮጥኩ። የእብድ ወንድም ነው ብለው ቤተሰቦችሽ ቢያፈርሱብኝስ ብዬ..."

"ካየኸኝ" አለች ትሕትና፣ "ለምን እንደመጣሁ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልጠየቅከኝም?"

ገሠሠ ቀሚሷን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፤ እሷ ግን ራቅ አለች።

"አባቴን ይዤ ነበር። እሳቸውም እዚያው ናቸው። እኔም ደብቄሃለሁ፤ ካንተ እሻላለሁ አልልም። ግን ገሠሠ... እኔ አባቴን ደበቅሁ እንጂ መድኃኒታቸውን አልቀማኋቸውም። ነገ ደግሞ የእኔ አባት ወይ የእኔ ልጅ ሲያሳፍርህ ምን ልታውጠው ነው?" ቀለበቱን አውልቃ ሞሰቡ ላይ አስቀመጠችው። ለተሾመች ጉልበት ዝቅ ብላ ስማ፣ በዝናቡ ውስጥ ወጣች።

ተሾመች አልጮኸችም። አልረገመችም። ወለሉ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ተንበርክካ፣ ኪኒኖቹን አንድ በአንድ ለቀመች። "እማዬ፣ ስደቢኝ!" ሲላት፣ "አንተ ወንድሟ ነህ" አለች ቀና ሳትል። "ጠላት ቢሆን እኮ እጠነቀቅ ነበር።"

ራኬብ ሆስፒታል ከረመች፤ ወጥታም ወደ ክፍል አስራ አንድ ተመለሰች። እንደ መጀመሪያው በስድስት ሳምንት አልሆነም፤ የተቋረጠ መድኃኒት ሲመለስ እንደ ተቀየመ ሰው ነው፣ ደጅ ያስጠናል። በጥር አንድ ጠዋት "እማዬ፣ አንቺ ቁርስ በልተሻል?" አለች። አንቺ! ተሾመች ያቺን ቃል ስትሰማ ወንፊቷ ከእጇ ወደቀ። ግን የተመለሰው "አንቺ" ብቻውን አልመጣም። ያለፈው ሁሉ ተከትሎት መጣ።

"እማዬ... ጋሼ ተሳስቶ ነው ወይስ እያወቀ?"

በዚያ ቤት ከእንግዲህ ውሸት ምን ቦታ አለው? "እያወቀ ነው ልጄ።"

"እኔ እኮ ያኔ ሰውን ሁሉ ስፈራ የማምነው እሱን ብቻ ነበር" አለች ራኬብ። በሕመሟ ዘመን አንድ ቀን ያላለቀሰችውን ያህል አለቀሰች። አይ የሰው ነገር! መዳን ማለት አንዳንዴ የት ቦታ እንደቆሰልክ ማየት መቻል ነው ለካ!

ገሠሠ ጎፋ ክፍል ተከራይቶ ወጥቷል። በየእሑዱ ይመጣና ደጃፉ ላይ ይቀመጣል፤ ግባ የሚለው የለም፣ ሂድ የሚለውም የለም። ሸሚዙ ከተተኮሰ ወራት አልፎታል። በሚያዝያ አንድ ማክሰኞ የተሾመች ጉልበት አብጦ ከአልጋ መውረድ አቃታት። ሲስተር አስቴር ሥልጠና ሄዳለች። ነርሷ ደግሞ ለቀጠሮው የቤተሰብ ሰው ትፈልጋለች፤ ቢያልፍ መድኃኒቱ ሊቋረጥ ነው። ተሾመች ስልኩን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። የአንዲት እናት ምላስ "ልጄን ለልጄ አልሰጥም" ለማለት እንዴት ይታዘዛት?

ራኬብ ናት የቆረጠችው። ስልኩን አንስታ ደወለችለት። "ጋሼ፣ ና። ካርዱን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።"

እየሮጠ መጣ። እሷ ካርዷን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከፊት፣ እሱ ሁለት እርምጃ ከኋላ ሆነው ቁልቁለቱን ወረዱ። ተሾመች ያን ቀን የኖረችው ሁለት ሰዓት ከመበለትነት ዘመኗና ከልጅ ምጥ ይረዝማል ቢባል ውሸት አይደለም። ሲመለሱ ራኬብ ላስቲኩን ሰጠቻት። ተሾመች ግድግዳ ይዛ፣ እያነከሰች እስከ በሩ ብርሃን ደረሰች። ካለፈው ወር የተረፈችውን አንዲት ኪኒን ከሥዕሉ ሥር አወጣች፤ ከአዲሶቹ አጠገብ መዳፏ ላይ አስቀምጣ አንዷን ከሌላዋ አስተያየች። አገላበጠቻቸው። አሸተተቻቸው። ገሠሠ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ እንደ ተከሳሽ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

"ነጭ ነው" አለች በመጨረሻ። "እሱው ነው።"

በየወሩ እንዲህ ሆነ። እሱ ያመላልሳታል፤ ራኬብ ካርዷን ትይዛለች፤ እናት በሩ ላይ ኪኒኑን ከኪኒን ታስተያያለች። አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ "እማዬ፣ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታዪው? በፋሲካ ዕለት ይቅር ብዬሃለሁ አላልሽኝም?" ብሎ አለቀሰ።

ተሾመች ፊቱን በሁለት መዳፏ ይዛ ሳመችው። "ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። በማርያም ይቅር ብዬሃለሁ። ዓይኔ ነው እሺ የማይለኝ።"

እንግዲህ ዕጣ ፈንታ ለሰው ልጅ የሚያድለውን ማን አስቀድሞ ያውቃል? ለተበተነ አእምሮ እንኳ እዚሁ ሰፈር ውስጥ በር አለ፤ በሩም ቁጥር አለው፤ ማክሰኞ የሚጠብቅ ሰው አለው። በገዛ ወንድም እጅ ለተሰበረ እምነት ግን ካርድ የሚያወጣው መስኮት የት ነው ያለው?... የሚያውቅ ካለ ለተሾመች ይንገራት። ጉልበቷ ቢያማትም እንኳ ዳገቱን ወጥታ ትሰለፋለች።